በሰሜን መስኮት የገባችው ፀሐይ

«በዚህ ብርሃን ሰው አይሳልም» ይለኝ ነበር ባሌ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ባዶውን ሸራ ግድግዳ አስደግፎ ጀርባውን ለእኔ እንደሰጠ። ናይሮቢ ከገባን ወዲህ ብሩሽ አልጨበጠም። የምንኖረው ኢስሊ ውስጥ፣ አንድ የሞያሌ ነጋዴ ከሱቁ ጀርባ ባከራየን አንዲት ክፍል ነበር። መስኮቷ አንድ ናት፤ እሷም ሰማይ አታይም። የምታየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ሰማያዊ ተቀብቷል። በቀትር እዚያ ክፍል የተቀመጠ ሰው ሁሉ ፊቱ ከውሃ የወጣ ሬሳ ይመስላል።

እውነቱን ነበር። አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቤት ንድፍ ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ መጥፎ መስኮት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ለእኔ አይነገረኝም። ግን ምላሴ አያርፍም። «እንግዲያው በረሮውን ሳለው!» እለዋለሁ። «ኮርኒሱን ሳለው! ብቻ ግድግዳ ላይ አታፍጥብኝ!» እሱ ያው ግድግዳው ላይ ነው። መሳል የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጃችንን።

ልጃችን አንድ ነበረች። ከቤት የወሰዷት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች ነው። ቀይ ሽብር ነበር፤ ሌላ ምን ልበል፣ ያን ጊዜ የነበረ ያውቀዋል። የት እንደጣሏት አልነገሩንም። ፎቶዋን ብንይዝ ኖሮ እንኳ አንድ ነገር ነው። ፎቶም የለንም። ራሷ ናት ያቃጠለችው። አሰሳ ሊመጣ ነው ተብሎ ሰፈሩ በሙሉ ወረቀት ሲያቃጥል፣ እሷም የከሰል ማንደጃውን ጓሮ አውጥታ ከጓደኞቿ ጋር የተነሳችውን ሁሉ ከተተችው። ቀጥላ የቤቱን አልበም ይዛ ብቅ አለች። «እሱ ደግሞ ምን አደረገሽ?» አልኳት። «እማዬ፣ ፎቶዬን እዚህ ቤት ካገኙ እናንተን ነው የሚይዙት» አለችኝ። ክርስትና የተነሳችበትን እንኳ አላስተረፈችም። እሳቱ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት፣ ራሷን አንድ በአንድ ስታቃጥል ቆሜ አየሁ።

አባቷም በሩ ላይ ቆሞ ያያል። የከተማውን ሰው ሁሉ ሲስል የኖረ ሰው የራሱን ልጅ ስሎ አያውቅም። መች ትቀመጥለታለች! ቅብጥብጥ ነበረች፤ ወንበር ላይ ካስቀመጣት በኋላ ቀለሙን ሳይበጠብጥ ተነስታ ትሄዳለች። «ተይው፣ ስትረጋ እስላታለሁ» ይል ነበር።

ስለዚህ ሞያሌን ተሻግረን ስንመጣ የልጄ ፊት ያለው በሁለታችን ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ኢስሊ ያቺ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን «ጠባሳዋ በየትኛው ቅንድቧ ላይ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጅ ሳለች የግቢው በር ብረት ቅንድቧን ገምሷት ነበር። «በቀኟ ነዋ» አልኩት። «በግራዋ ነው» አለ። «እኔ አይደለሁ እንዴ ሐኪም ቤት የወሰድኳት!» «እኔ አይደለሁ እንዴ የያዝኳት ሲሰፏት!» ተጯጯህን። የሱቁ ባለቤት ግድግዳውን እስኪደበድብ ድረስ ተጯጯህን። ከዚያ ተውነው፤ ሁለታችንም እርግጠኛ አልነበርንም።  ቶሎ ካልሳላት ልትጠፋብን ነው፤ ልጄ ሁለተኛ ልትሞት ነው አልኩ።

ያን ጊዜ ሁርሊንግሃም የሚባል ሰፈር አንድ የንድፍ ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። የሥራ ፈቃድ ስላልነበረኝ እኔ እነድፋለሁ፣ ሌላው ይፈርማል። በዚያ ሥራ ነው እዚያው አቅራቢያ ኪሌሌሽዋ ከሚኖሩ አንዲት ባልቴት ጋር የተገናኘሁት። ጡረታ የወጡ ኬንያዊት አስተማሪ ናቸው፤ ሁሉም ማማ ነው የሚላቸው፣ እኔም ማማ አልኳቸው። ቤታቸው ላይ ሁለት ክፍል ለመጨመር ፈልገው ግቢውን ስለካ፣ ከአትክልቱ ጫፍ ባዶ ጋራዥ አየሁ። መኪናው ከባለቤታቸው ሞት በኋላ ተሽጧል፤ ውስጡ የተሰበረ ወንበርና የዶሮ ላባ ብቻ ነው። ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ። አፍሬም ፈርቼም አላውቅ፣ ጠየቅኳቸው። የክፍሎቹን ንድፍ በነፃ ልሥራልዎ፣ ጋራዡን ለባሌ ይስጡኝ፣ ሠዓሊ ነው አልኳቸው። «ሠዓሊ?» አሉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ፖሌ ሳና!» አይዞሽ፣ እግዜር ያጽናሽ እንደማለት ነው። ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅኩ። ጋራዡንም ሰጡኝ።

እንግዲህ ሌላው ሰው ሠዓሊ ብዙ ብርሃን የሚፈልግ ይመስለዋል። ሠዓሊ የሚፈልገው የማይንቀሳቀስ ብርሃን ነው። ጠዋት የደባለቀው የቆዳ ቀለም ከሰዓትም ያው ካልሆነ አበቃለት። ፀሐይ በምታቃጥልበት አገር ደግሞ ብርሃን ብቻውን አይመጣም፤ ሙቀቱን አዝሎ ነው የሚመጣው። ቆርቆሮው ላይ መስታወት ብከፍት ባሌን እንደ ዳቦ ልጋግረው ነው። ስለዚህ ጣሪያውን አልነካሁትም። ከቆርቆሮው ሥር የሸምበቆ ምንጣፍ ኮርኒስ አደረግሁ፤ ትኩሱ አየር እንዲወጣ ከግድግዳው አናት ክፍተት ትቼ ወንፊት ሽቦ መታሁበት። መስኮቱን ከሰው ቁመት በላይ ሰቀልኩት። የናይሮቢን አፈር ያየ ያውቃል፤ ቀይ ነው፤ ፀሐይ ስታርፍበት ወደ ላይ ቀይ ብርሃን ይተፋል፤ የማማ ሣር ደግሞ አረንጓዴ ይተፋል። ልጄን ቀይና አረንጓዴ አድርጎ እንዲስላት አልፈልግም። ሰማይ ብቻ ነው እንዲገባ የፈለግሁት። ግድግዳውን ኖራ ቀብቼ፣ ዓይን እንዳይወጋ የከሰል ዱቄት ጣል አደረግሁበት።

መስኮቱ ወደ ሰሜን ነው። ይሄን መጠየቅም አላስፈለገን። እሱ የተማረበት ክፍል መስኮቱ ወደ ሰሜን ነበር፤ እኔ የተማርኩበትም መጽሐፍ የሠዓሊ ቤት ወደ ሰሜን ይከፈታል ይላል። ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች፣ በደቡብ በኩል ትዞራለች፣ በምዕራብ ትገባለች፤ ሰሜንን ፀሐይ አታውቀውም። እሱ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሲቆም ብርሃኑ በግራው ይመጣለታል፤ የቀኝ እጁ ጥላ ሥዕሉ ላይ አይወድቅም። እንዲያውም በሰሜን በኩል ከግድግዳው አልፎ የሚወጣውን የጣሪያ ክፍክፍ አሳጠርኩት። ፀሐይ በሌለበት ክፍክፍ ምን ያደርጋል? ይልቅ ሰማዩ ይስፋለት ብዬ።

የመስኮቱን ብረት የበየዱልን አንድ ሽማግሌ የአስመራ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ለብዙ ዘመን ስለሠሩ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ስለ ፖለቲካ አንድ ቃል አልተነጋገርንም፤ እሳቸውንም ያቃጠላቸው አለ፣ እኛንም ያቃጠለን አለ። መስኮቱን አቁመው መስታወቱን ሲያስገቡ ክፍሉ ድንገት ጸጥ ያለ ነጭ ብርሃን ሞላው። ሽማግሌው መዶሻቸውን አስቀመጡና «እዚህ ቤት ውስጥ ሰው ዋሽቶ አያመልጥም» አሉ። ባሌ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰው። ከዚያ መዳፉን አገላብጦ አየው፤ የራሱን እጅ ቀለም ለረጅም ጊዜ አይቶ እንደማያውቅ ሰው።

ሥራው ያለቀው በታኅሣሥ ነው። በማግሥቱ ጀመረ።

እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ። ጠዋት ከኢስሊ በማታቱ፣ በእነሱ ሚኒባስ ታክሲ፣ አብረን እንወጣለን፣ እኔ ሁርሊንግሃም እቀራለሁ፣ እሱ በእግሩ ወደ ኪሌሌሽዋ ይሄዳል። ከሥራ ስወጣ በዚያ በኩል እንድመጣ፣ ግን እስኪጠራኝ እንዳልገባ አስማለኝ። ከማማ ጋር በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጣሁ እጠብቀዋለሁ። አንድ ቀን፣ የካቲት ይሆናል፣ በሩን ከፍቶ «ነይ» አለኝ።

ገባሁ። ልጄ ቆማለች። ሥዕል ነው የምትሉኝ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ልጄ ናት ያየሁት። አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ አሁን ተነስቼ ልሄድ ነው የሚለውን ዓይኗን ይዛ። ጠባሳውን አላደረገውም ነበር፤ ቅንድቦቿን ፀጉሯ በጥቂቱ ሸፍኗቸዋል፤ እሱን በጣም አደነቅሁለት። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «የታለሽ፣ የኔ እናት፣ የታለሽ እስካሁን!» እያልኩ አለቀስኩ። እሱም አጠገቤ ተቀመጠ። «ከንፈሯ ብቻ ነው የቀረኝ» አለ። «ከንፈሯ ጊዜ ይፈልጋል። ሳላበላሸው ቀስ ብዬ ነው።» ሰሜን መስኮቴን ቀና ብዬ አየሁና በልቤ ሳምኩት። በሕይወቴ ስንት ቤት ነድፌያለሁ፤ እንደዚያን ቀን ሥራዬን ወድጄው አላውቅም።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። መጋቢትና ሚያዝያ ሲዘንብ ከረመ፤ ሰማዩ ግራጫ ነው፣ ብርሃኑም የረጋ፤ እሱ ከንፈሯ ላይ ይሠራል፣ ያጠፋል፣ ይሠራል። ግንቦትም አለቀ። እኛ አገር ዝናቡ በሚጀምርበት በሰኔ እዚህ ዝናቡ አባራ።

አንድ ቀን ሳይጠራኝ በሩን ከፈትኩና ደነገጥኩ። የልጄ ጉንጭ ሌላ ሆኗል። ሰማያዊ፣ የታመመ፤ በዚያች በኢስሊ ክፍል ብርሃን የታየ የሚመስል ጉንጭ። «ምን አደረግካት?» አልኩት። «ምን አደረግኳት? ቢጫ ሆና ነበር እኮ፤ ወዘናዋ ጠፍቶ! አስተካከልኳት።» «የምን ቢጫ? እንዲህ ያለ ነገር አልነበረባትም!» «ነበረባት!» በማግሥቱ ሰማያዊ መሆኗን ራሱ አይቶ ደነገጠና በቀይ ሸፈነው። ቀዩ በሚቀጥለው ቀን የሰከረ ሰው ፊት ሆነ። ጉንጩን ሲያስተካክል አፍንጫው ይበላሻል፤ አፍንጫውን ሲያነሳ ዓይኗ ይሸሻል። በየቀኑ ስመጣ ሌላ ልጅ ትጠብቀኛለች። የማላውቃት፣ የሌላ ሰው ልጅ። «ኧረ ተዋት! እጅህን ሰብስብ!» እለዋለሁ። ማማ ከበረንዳው ጩኸታችንን ይሰማሉ፤ ቋንቋው ባይገባቸውም ነገሩ ገብቷቸዋል፣ ሻይ ይቀዱልኛል።

ምክንያቱን ያወቅሁት ቅዳሜ ቀን ነው። አብሬው ዋልኩ። ጠዋት ደመና ነበር፤ እሱ ቀለሙን በረጋ መንፈስ ደባለቀ። ረፋዱ ላይ ደመናው ተገለጠና አንዲት ቢጫ አራት ማዕዘን ብርሃን ሸራው ላይ ቦግ አለች። መጀመሪያ ከማማ ቤት መስኮት የተንፀባረቀ መሰለኝ። ቀና ስል ፀሐይዋ ራሷ ናት። በሰሜን መስኮት! ቁልቁል ታየኛለች። ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆሜ ጥላዬን አየሁት፤ ጥላዬ ወደ ደቡብ ወድቋል።

ወይ ጉድ! ራሴን ያዝኩ። ናይሮቢ እኮ ከምድር ወገብ ትንሽ ዝቅ ያለች ናት፤ ፀሐይ ግማሹን ዓመት በደቡብ፣ ግማሹን በሰሜን ነው የምትመላለስባት። ይሄ እንግዳ ነገር ሆኖ አይደለም፤ አዲስ አበባም ቢሆን ፀሐይ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ግን ርቃ የምትሄደው በክረምት ነው። በክረምት ማን ፀሐይ ያያል! ሐምሌን በሙሉ በደመና ተሸፍና ሹልክ ብላ ሄዳ ሹልክ ብላ ትመለሳለች፤ ስንት ዓመት ኖረን አንድም ቀን በሰሜን መስኮት ገብታብን ስለማታውቅ እዚያ የማትደርስ መስሎን ኖርን። የአዲስ አበባ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚሳሳት። እሱ በቢጫው ፀሐይ ልጁን ሲያያት ቢጫ ትሆንበታለች፤ በሰማያዊ ይሸፍናታል፤ ደመናው ሲመለስ ሬሳ ትሆንበታለች። ፀሐይና ደመናን እየተከተለ ልጁን ሲያሳድድ ከርሟል።

«የመስኮቱ ጥፋት ነው!» ብዬ እየሮጥኩ ገባሁ። «አንተ አይደለህም! ብርሃኑ ነው! አስተካክለዋለሁ!» እመኑኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ምክንያት ያለው ነገር መድኃኒት አያጣም ብዬ። እሱም ፊቱ ተፈታ። «እውነትሽን ነው?» አለኝ፣ እንደ ልጅ።

ሽማግሌው የአስመራ ሰው በቆርቆሮ ክፍክፉን አስረዘሙልን። በመስኮቱ ግራና ቀኝ የማለዳዋንና የማምሻዋን ፀሐይ የሚመልስ ቁም ሳንቃ አደረግን። እኔ ኢስሊ ገበያ ወርጄ እኛ አቡጀዲ የምንለውን፣ እነሱ አሜሪካኒ የሚሉትን ነጭ ጨርቅ ገዛሁና ከመስታወቱ በስተውስጥ ወጥሬ ቸነከርኩት። ሐምሌ ሲጋመስ ክፍሉ እንደገና የየካቲቱ ክፍል ሆነ። እንዲያውም የበለጠ። ውጭ ፀሐይ ትውጣ፣ ትግባ፣ ውስጡ ያው ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ብርሃን አልሠራሁም።

እሱ ፊቷን በሙሉ ፍቆ እንደገና ጀመረ። እኔ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ሐምሌ አለቀ። አልጠራኝም። «ከንፈሯ ጊዜ ይፈልጋል» ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ከነሐሴ አንዱን ቀን ግን አላስቻለኝም፤ ገባሁ።

ሸራው ላይ ከአንገቷ በላይ ምንም የለም። የተፋቀ ግራጫ። እሱ ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ብሩሾቹ ታጥበው በሥርዓት ተደርድረዋል።

«ምን ሆነ? ብርሃኑ ነው? ምን ጎደለው፣ ንገረኝ፣ አስተካክለዋለሁ» አልኩት።

«ብርሃኑ ምንም አልጎደለውም» አለ። «እንዲህ ያለ ብርሃን አግኝቼ አላውቅም። ሁሉ ነገር ይታያል።» ወደ ብሩሾቹ አየ። «እኔ ነኝ። ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣልኝ የሳልኳት ናት። ያበላሸኋት። ቢጫዋ፣ ሰማያዊዋ። ከእነሱ ኋላ ያለችውን አጣኋት። ረሳኋት፣ አንቺ። የልጄን ፊት ረሳሁት።»

«እኔ አልረሳኋትም!» ብዬ ጮኽኩ።

«እንግዲያው ንገሪኝ» አለና ተነስቶ እርሳስ አነሳ።  «ንገሪኝ፣ እኔ ልሳል። ግንባሯ እንዴት ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ዓይኔን ጨፍኜ ፈለግኋት። ማንደጃው መጣልኝ። ጭሱ መጣልኝ። እጇ መጣልኝ፣ ፎቶ የያዘው እጇ። ጎንበስ ብላለች። ቀና በይ አልኳት፣ ቀና በይ የኔ እመቤት፣ አንድ ጊዜ እናትሽን እይኝ። ቀና ስትል የየካቲቷ ሥዕል ሆነች። እሷም ጉንጯ ሰማያዊ ሆኖ ሄደችብኝ።

በዚያ የተረገመ ጥሩ ብርሃን ውስጥ ባሌ ፊቴን እያየ ነበር። ምንም የምሸሽበት ጥላ የለም። አስተካክዬ የሠራሁት እኔው ነኝ።

መሰላሉን ከጥግ አነሳሁ። ወጣሁና አቡጀዲውን ከጫፉ ይዤ ሳብኩት። ምስማሩ እየተነቀለ ተንጣጣ። መስኮቱን ገፍቼ ከፈትኩና ጎኑ ላይ የቆመውን ሳንቃ በመዶሻ ነረትኩት፤ ወደ ውጭ ወደቀ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ከታች። «አንቺ ሴትዮ! ምን እያደረግሽ ነው?»

የነሐሴ ማምሻ ፀሐይ ሳንቃው በነበረበት በኩል ገብታ ሸራው ላይ ቦግ አለች፤ ግራጫው ወዲያው ቢጫ ሆነ። ግድግዳውም፣ እሱም ቢጫ ሆነ።

«ፀሐይዋ ናት ያጠፋቻት» አልኩት ከመሰላሉ ላይ ሆኜ። «ሰምተኸኛል? አንተ አይደለህም፣ እኔም አይደለሁም። ፀሐይዋ ናት።»

ቀና ብሎ አየኝ። መጀመሪያ ያልገባው መሰለኝ። ከዚያ ዓይኑን በመዳፉ ከለለና እርሳሱን መስኮቱ ሥር አስቀመጠ።

«ነግሬሽ ነበር እኮ» አለኝ። «በዚህ ብርሃን ሰው አይሳልም።»

«አይሳልም» አልኩት።